የወንድም ጋሼ ጀልባ

ጀልባ ገዛሁ ብዬ ስነግራት ባለቤቴ የሳቀችው ሳቅ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ሚኒሶታ ከገባሁ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነበር፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ሐይቅ ዳር ሄጄ የሠራሁት ነገር ቢኖር ሥጋ መጥበስ ነው። ዋና አልችልም። ሻወር ስወስድ እንኳ ውሃው ፊቴ ላይ ሲበዛ ትንፋሽ ያጥረኛል። እንዲህ ያለሁት ሰውዬ ነኝ እንግዲህ አንድ ቅዳሜ ከአፕል ቫሊ ሃያ ሁለት ጫማ የምትረዝም ባለሸራ ጀልባ በትሬይለር ጎትቼ፣ ኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ ያለው ቤታችን ድራይቭዌይ ላይ የገተርኳት። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ፣ «በቃ፣ አሁን ለየልህ» አለችኝ። ከዚያ ሳቋን ገታ አድርጋ፣ «ወንድም ጋሼ ያውቃል?» ብላ ጠየቀችኝ። እሱ ነው ያዘዘኝ አልኳት። ጀልባዋን ዞራ ዞራ አየቻት።

ወንድም ጋሼ የምለው ታላቅ ወንድሜን ነው። በአሥራ አንድ ዓመት ስለሚበልጠኝ ስሙን ጠርቼው አላውቅም። አባታችን ገና ልጅ ሳለሁ ስለሞተ ደብተርም ጫማም የገዛልኝ፣ ሳጠፋም በቀበቶ የገረፈኝ እሱ ነው። ወጣትነቱን ምጽዋ ላይ በመርከበኛነት አሳለፈ። ደርግ ሲወድቅ መርከቡም ባሕሩም በአንድ ሰሞን ከእጁ ወጡ፤ ናዝሬት ገባና የዱቄት ፋብሪካ መጋዘን ጠባቂ ሆኖ ጡረታ እስኪወጣ እዚያው ቀረ። ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ ስለ ባሕር አንድ ቃል ሲተነፍስ ሰምቼው አላውቅም። እኛም ቁስሉን እንዳንነካበት ብለን አንጠይቀውም ነበር።

ዜግነት እንዳገኘሁ ወዲያው ወደዚህ እንዲመጣ ፎርም ሞላሁለት። የወንድም ፕሮሰስ እንደሌላው አይደለም፣ ሰው ያረጅበታል። ዓመት ዓመትን እየተካ እሱ ሚስቱን ቀበረ፣ አንድ ሴት ልጁን አስመረቀ፣ ጡረታ ወጣ፤ የእኛ ወረቀት ግን ገና ወረፋ ላይ ነበር። በኋላ በኋላ ራሱ ሰለቸው። «አርጅቼ መጥቼ ምን ልሠራ ነው? ያንተን ሶፋ ልጠብቅ?» ይለኝ ጀመር። አንድ ቀን ወሬ ላስቀይር ብዬ ከቤታችን አሥር ደቂቃ ድራይቭ አድርጌ ስለምደርስበት ወንዝ አወራሁለት። ሚሲሲፒ መሆኑን ስነግረው ዝም አለ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሄሎ ሄሎ ስል ቆየሁ።

በማግስቱ ራሱ ደወለ። ከአገር ቤት ወደዚህ ደውሎ አያውቅም፤ መደወል የእኛ ሥራ ነው።

«ካርታ አየሁ» አለኝ። «ያ ወንዝ ባሕር ነው የሚገባው።»

«አዎ፣ ይባላል» አልኩት።

«ይባላል አይደለም፣ ይገባል። ካንተ ደጅ የተነሳ ጀልባ ሰፊው ባሕር ላይ ይወጣል። አንተ እዚያ ተቀምጠህ ይህን ሳታውቅ ነው እንዴ የኖርከው?»

ከዚያ እንደ ልጅነቴ ትእዛዝ ሰጠኝ። ጀልባ ፈልግ፣ አዘጋጅ፣ እኔ ስመጣ ይዘናት እንወርዳለን። ድልድዮቹን እስክናልፍ ምሰሶዋን አጋድመን በሞተር እንሄዳለን፣ ታች ስንደርስ ምሰሶውን አቁመን ሸራውን እንዘረጋለን፣ ከዚያ በኋላ ለእኔ ተወው አለኝ። ድምፁ የወጣት ድምፅ ነበር። ስልኩን ስዘጋ አለቀስኩ ብል አላፍርም።

ጀልባዋን የሸጡልኝ ባለቤታቸው የሞቱባቸው አሮጊት ፈረንጅ ናቸው። ዘጠኝ ዓመት ጓሮ ተኝታ ሽኮኮ ጎጆ ሠርቶባታል። «ባለቤቴ ሊጠግናት ነበር» ሲሉኝ ፈገግ ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። የተናገሩትን ልብ ብዬ ብሰማቸው ኖሮ የዚያን ቀን ባዶ እጄን እመለስ ነበር።

ሥራው የሁለት ወር መስሎኝ ነበር። የበሰበሰውን እንጨት አወጣሁ፣ ገላዋን በብርጭቆ ወረቀት ፋቅሁ፣ ሽቦዋን ቀየርኩ፣ ምሰሶዋን አውርጄ አጥሩ ጥግ በሁለት እንጨት ላይ አጋደምኩት። ወንድም ጋሼ በቪዲዮ እያየ ያዛል። ያኔ አሥራ አራት ዓመት የሆናት ልጄ ስልኩን ትይዝልኛለች፣ እኔ ደግሞ እሱ በሚነግረኝ መሠረት ገመድ እቋጥራለሁ። «ይህ ቋጠሮ ነው ወይስ የጫማ ክር?» ይለኛል። «ፍታው። አሁንም ፍታው። አንተ ልጅ፣ እጅህን በጄሶ አሽገውብሃል እንዴ?» ልጄ ከት ብላ ትስቃለች። አማርኛ ስናወራት በእንግሊዝኛ የምትመልስ ልጅ፣ የአጎቷን ስድብ ግን አንድ ሳይቀራት ለቅማ ይዛ ነበር። ደስተኞች ነበርን ማለት እችላለሁ፤ ያን ሰሞን ብቻ።

አንድ ነገር ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ከጀልባዋ ሆድ ሥር የሚንጠለጠል ከባድ ብረት አለ፣ እንዳትገለበጥ ቀጥ አድርጎ የሚይዛት እሱ ነው። ብረቱ ከገላዋ ጋር በቡሎን የታሰረበት መገጣጠሚያ ዙሪያውን ተሰነጣጥቋል። ወንድም ጋሼ ሲያየው መቀለዱን ተወ። «ሌላው ሁሉ ቢበላሽ መንገድ ላይ ይጠገናል። እዚህ ጋ ካፈሰሰች ግን ታሰጥማለች» አለኝ። ይህን ለማን ነው የነገረው? ውሃ ለሚፈራ ሰው። ማሸጊያውን ፍቄ አወጣሁና እንደገና አሸግሁ። ስፈትሸው አላመንኩትም። በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ላይ ሁለተኛ ጊዜ ከፍቼ፣ ቡሎኖቹን ቀይሬ፣ እንደገና አሸግሁት። በቧንቧ ውሃ ሞከርኩት፣ ምንም የለም። አሁንም አላመንኩትም። ሦስተኛ ጊዜ መክፈት አለብኝ ብዬ ልቤ ውስጥ አሰርኩት።

ጊዜ ከየት ይምጣ? እዚህ አገር ማሸጊያ የሚደርቅበት ሙቀት ያለው ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር ነው፤ ከዚያ በኋላ ጀልባዋን በፕላስቲክ ጠቅልለህ በረዶ ስትጠርግላት መክረም ነው። ሥራዬ በሽተኞችን ከቤት ክሊኒክ፣ ከክሊኒክ ቤት ማመላለስ ነው። ባለቤቴ ነርሲንግ ሆም ደብል ሺፍት ትሠራለች። አማቴ፣ የባለቤቴ እናት፣ ከእኛ ጋር ናቸው፤ ኩላሊታቸው ስለደከመ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ሜፕልዉድ ዳያሊሲስ አደርሳቸዋለሁ፣ አራት ሰዓት ቆይቼ እመልሳቸዋለሁ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ነው። የተረፈውን የቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ ሐበሻ ይወስደዋል። በረዶ በሌለበት አምስት ወር ውስጥ ሁሉም ይድራል፣ ሁሉም ክርስትና ያስነሳል፣ ሁሉም ልጅ ያስመርቃል። ካልሄድክ ነገ ያንተ ለቅሶ ላይ ማን ይመጣል? ሄድኩ። እዚያ ዳንኪራው መሐል ቁጭ ብዬ ስለ ቡሎን ሳስብ የዋልኩባቸውን ሰርጎች ቁጥር እኔው አውቃለሁ።

ስለ ለቅሶ ካነሳሁ አይቀር ይህንንም መናገር አለብኝ፤ ባልናገረው ደስ ይለኝ ነበር። በእድራችን ውስጥ መርዶ ከሚያረዱት ሰዎች አንዱ ነበርኩ። አገር ቤት ሰው የሞተበት ሰው እዚህ ሲኖር፣ ለእሱ ሳይነገር መጀመሪያ ለእኛ ይነገራል፤ እኛ ቀን እንቆርጥና ጠዋት በማለዳ ተሰብስበን ሄደን እናረዳዋለን። ቀኑን የመቁረጥ ደንብ ያወጣሁትም እኔው ነኝ። በሥራ ቀን አይነገርም አልኩ። መኪና የሚነዳ ሰው መርዶ ሰምቶ መንገድ ላይ ቢወጣስ? ሺፍቱንስ ማን ይሸፍንለታል? ቅዳሜ ይሁን፣ ያም ቅዳሜ ሰርግ ወይም ሌላ ችግር የሌለበት ይሁን አልኩ። ሁሉም ብልህ ነህ አሉኝ። እኔም ብልህ ነኝ ብዬ ተቀበልኩ።

የአሜሪካኖቹ እግር ኳስ ትልቁ ፍጻሜ እዚህ ሚኒያፖሊስ በተደረገ በዓመቱ፣ ጀልባዋን በገዛሁ በሦስተኛው ዓመት፣ የወንድም ጋሼ ወረቀት ደረሰ። ኢንተርቪው ሊጠራ ነው ተባለ። በስልክ እልል ያለችው ባለቤቴ ናት። እሱ ግን እንዳሰብኩት አልፈነደቀም። «ጥሩ ነው» ብቻ አለ። ሆዱን ትንሽ እንደሚያመው ነገረኝ፣ የበላው ነገር ይሆናል አለ። ከዚያ ወዲህ የስልኩ ካሜራ ተበላሸና በድምፅ ብቻ እናወራ ጀመር። አሠራው ስለው እሺ ይላል። ከፋሲካ በኋላ አንድ ቀን እንዲህ አለኝ።

«ወንዙ ቀልጧል?»

«ከቀለጠ ቆየ።»

«እንግዲያው አስገባት።»

«ገና ናት፣ ወንድም ጋሼ። ሥሯን እንደገና ልከፍተው ነው።»

«በቧንቧ ሞክሬያት ደህና ናት ብለኸኝ አልነበር?»

«አላመንኳትም።»

«አንተ ደግሞ ማንን አምነህ ታውቃለህ? አስገባትና ሰው ቪዲዮ ያንሳልህ። ካፈሰሰች ታወጣታለህ፣ ያው ትሬይለሩ ላይ ናት። ለአንድ ደቂቃ ስትንሳፈፍ ልያት፣ ይበቃኛል።»

እኔ ግን ጁን መጨረሻ ላይ አልኩት፤ ልጄ የትምህርት ቤት ጨዋታዋን ስትጨርስ፣ አማቴ አዲስ ቀጠሮ ሲይዙ፣ ሥሯን ከፍቼ ሳሽግ። አንተ ስትመጣ አብረን እናስገባታለን፣ ምን አስቸኮለህ አልኩት። በዕድሜው ሙሉ ከእኔ አንድ ነገር ለምኖ የማያውቅ ሰው ነው። «እሺ፣ ያንተ ነገር» አለና ስለ ዝናብ አወራን።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቱ ሁሉ አደመብኝ። ባለቤቴ ሳህን እያጠበች፣ «ለምን ነገ ወስደህ አታስገባትም? እኔ ሺፍቴን እቀይራለሁ» ትለኛለች። ሦስት ዓመት ሙሉ ያቺን ቆርቆሮ አንሳልኝ ስትል የኖረች ሴት! አማቴ እንኳ ከወንበራቸው ሆነው፣ «ልጄ፣ ያቺን ነገር ውሃ አስነካት እባክህ» አሉኝ። ቆሽቴ አረረ። ስለ መገጣጠሚያ፣ ስለ ማሸጊያ፣ ስለ መስጠም ከእኔ በቀር ማን ያውቃል? አንድ ጠዋት ባለቤቴ ደግማ ስታነሳው፣ «ከመቼ ወዲህ ነው ካፒቴን የሆንሽው? ጀልባዋ የኔ ናት፣ ስትደርስ አስገባታለሁ» ብዬ ጮህኩባት። የያዘችውን ብርጭቆ አስቀምጣ ወጣች። እኔን ደግሞ እልህ ያዘኝ፤ ጁን የነበረውን ጁላይ አደረግሁት።

ትንሽ ቆይቶ ወንድም ጋሼ ስልክ ማንሳት ተወ። ስደውል ልጁ ታነሳለች። መምህርት ናት፣ ከእሱ ጋር ነው የምትኖረው። ጸበል ገብቷል አለችኝ፤ እዚያ ስልክ አይፈቀድም፣ ግን ማታ ማታ መልእክት ያያል አለች። ደስ አለኝ፣ ጸበሉ ሆዱን ይሻለዋል ብዬ። በየቀኑ የሠራሁትን ፎቶ እያነሳሁ እልክለት ጀመር። አዲስ የቀባሁትን መሪ ላክሁለት። «ጎበዝ ወንድሜ፣ በጣም ያምራል» ብሎ መለሰልኝ። ሁለቱን መልሕቆች ላክሁለት። «እግዚአብሔር ይባርክህ፣ በርታ» አለኝ። አንድ ገመድ ሆን ብዬ አበላሽቼ ቋጥሬ፣ እንዲሰድበኝ ብዬ ላክሁለት። «እጅህ ይባረክ» አለኝ።

ሞኝነቴ ዛሬም ያቃጥለኛል። በመጨረሻ አስደሰትኩት ብዬ ነው ያሰብኩት። ሰውየው በሃምሳ ዓመቴ አንድ ጊዜ ጎበዝ አለኝ ብዬ ለባለቤቴ መልእክቱን አሳየኋት። አንብባ ስልኩን መለሰችልኝና ሽንኩርት መክተፏን ቀጠለች። ዓይኗ ቀልቶ ነበር። ሽንኩርቱ ነው አልኩ።

በዚያ ሰሞን በመጀመሪያው ቅዳሜ የእድሩ ሊቀመንበር ልጃቸውን ዳሩ፤ እኔ ከአስተናጋጆቹ አንዱ ነበርኩ። በሁለተኛው ቅዳሜ አማቴ የደም ግፊታቸው ወርዶ ሆስፒታል ተኝተው ነበር። ለሦስተኛው ቅዳሜ ምሰሶውን ከአጥሩ ጥግ አንስተን ጀልባዋ ላይ ልንጭነው ለአምስት ሰው ደወልኩ። ረዥም ነገር ነው፣ ለብቻ አይነሳም። ሐበሻ ለጉልበት ሥራ ሲጠራ ከአምስቱ ሁለት ከመጣ ዕድለኛ ነህ። ስለዚህ ብዙም ተስፋ አላደረግሁም።

ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ጓንት ይዤ ብወጣ መንገዱ ግራና ቀኝ መኪና ነው። ሃያ የሚሆን ወንድ በር ላይ ቆሟል፤ ሴቶቹ ገና ከመኪና አልወረዱም። ደረቴ ተነፋ። ይህ ሁሉ ሰው ለእኔ ጀልባ? ሴቶቹ ደግሞ ለሠራተኛ ቁርስ ይዘው መጥተዋል ማለት ነው አልኩ በሆዴ። ሊቀመንበሩ ቀረብ ብለው አቀፉኝ፣ ቶሎም አልለቀቁኝም። «ኧረ እርስዎ ምን አደከመዎት፣ እርስዎ ቆመው ያዝዙን እንጂ» አልኳቸውና ጓንት እጃቸው ላይ አስቀመጥኩ። አገላብጠው አዩት። ከዚያ ጓንቱን አጠለቁት። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ስንቱን መርዶ አብረን ያረዳን ሰው፣ ጓንቱን አጠለቁት።

ሰዎቹን በሁለት ወገን አሰለፍኳቸው። እኔ በአንዱ ጫፍ፣ ሊቀመንበሩ በሌላው ጫፍ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብዬ አስነሳኋቸው። ምሰሶው ትከሻችን ላይ ወጣ። ሁለት እርምጃ እንደሄድን ከኋላ አንዲት ሴት ስታለቅስ ሰማሁ። ይጥሉታል ብላ ፈርታ መሰለኝ፣ «አይዞሽ፣ ቀላል ነው» አልኳት። ከፊቴ ያለውን ሰው አየሁት። አብሮኝ የሚሠራ ልጅ ነው። እንባው ጢሙ ላይ ይወርዳል፣ እጁ ምሰሶውን ስለያዘ መጥረግ አልቻለም። ያኔ የጋራዡ በር ተነሳ። ባለቤቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ቆማለች።

ነጠላ እንደዚያ የሚለበስበት ምክንያት አንድ ነው። «እማማ?» አልኳት፣ አማቴን ማለቴ ነው። ራሷን በአሉታ ነቀነቀች። አማቴ ራሳቸው ከኋላዋ በተሽከርካሪ ወንበራቸው ላይ ሆነው ፊታቸውን ሸፍነው ያለቅሳሉ። እንግዲህ አገር ቤት የቀረኝ የቅርብ ሰው አንድ ነበር። ከምሰሶው ወዲያኛው ጫፍ ሊቀመንበሩ ቀስ ብለው፣ «ልጄ፣ መጀመሪያ ይህን እናስቀምጠው» አሉኝ።

አስቀመጥነው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ብዙውን አላስታውስም። ጮኼያለሁ ይላሉ፣ የጀልባዋን ጎን በጡጫ መትቻለሁ ይላሉ፤ ቀኝ እጄ ለሳምንት አብጦ ስለነበር እውነት መሆን አለበት። ሰው ገባ፣ ሰው ወጣ። ስንት ቀን ሆነው ብዬ ጠየቅሁ። አሥራ ዘጠኝ አሉኝ። ሰኞ ዕለት ነው ያረፈው። በሥራ ቀን አይነገርም፣ እኔ ሾፌር ነኝ። የመጀመሪያው ቅዳሜ ሰርግ ነበር። ሁለተኛው ቅዳሜ አማቴ ሆስፒታል ነበሩ። ደንቡን አንድ በአንድ ጠብቀውልኛል፤ በማን ላይ ልቆጣ?

የወንድሜ ልጅ በስልክ እያለቀሰች ይቅርታ ጠየቀችኝ። መልእክቱን የምትመልሰው እሷ ነበረች። እሱ ጸበልም አልገባም፣ ለወራት አልጋ ላይ ነበር። እዚያ ያሉ ሽማግሌዎች እስኪረዳ ድረስ እንዳይጠረጥር መልሺለት አሏት፤ ምን ብላ እንደምትመልስ ጨነቃት፣ ስለ ጀልባ ሥራ አታውቅም፣ እንደ አባቷ መሳደብም አልቻለችም። «ጥሩ ጥሩውን ጻፍኩልህ» አለችኝ። ምን ይባላል? ደግ አደረግሽ አልኳት። ለቅሶው ካበቃ በኋላ ያን ስልክ ከፍቼ ወደ ኋላ ሄድኩና የእሱ የራሱ የሆነውን የመጨረሻ ጽሑፍ ፈለግሁ። ግንቦት መጀመሪያ ላይ የላከው ነው። «አስገባሃት?» ይላል። እኔ በሥሩ የአውራ ጣት ምልክትና «በቅርቡ» የሚል ጽፌያለሁ።

ባለቤቴን የጠየቅኳት ሰው ሁሉ ሄዶ ብቻችንን ስንቀር ነው። ሕመሙን ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው አልኳት። ከፋሲካ በፊት አለች። ሐኪሞቹ ጥቂት ወር እንደቀረው ለልጁ ነግረዋታል፣ እሱም ገብቶታል።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አስማለኝ። ከሰማ ሥራውን ጥሎ ይመጣል፣ ልጅቷ ኮሌጅ ልትገባ ነው፣ እናትሽን ማን ያመላልሳቸዋል አለኝ። አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቀኝ። ጀልባዋን ውሃ ላይ እንዲያሳየኝ አድርጊልኝ አለ።» ነጠላዋን አጣጥፋ አስቀመጠችና፣ «ለመንኩህ እኮ» አለችኝ።

ለምናኛለች። ሳህን እያጠበች፣ ቁርስ እያቀረበች፣ መኪና ውስጥ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ለምናኛለች። ቢነግሩኝ ኖሮ የዚያኑ ቀን በቴፕም ቢሆን ለጥፌ አስገባት ነበር። እነሱ የማይነግሩኝ ስለሚወዱኝ ነው፤ እኔ የማልሰማቸው ደግሞ ስለማውቅ ነው። በመሐል የእሱ አንድ ደቂቃ ጠፋች። ይህን ለማንም ስናገር «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» ይሉኛል። እኔ ግን አውቀዋለሁ፣ የእኔ ግትርነት ነው።

ሦስተኛ ጊዜ ልከፍተው የነበረውን መገጣጠሚያ ከዚያ በኋላ አልነካሁትም። ፕላስቲኩን እንኳ አላለበስኳትም፤ ቅጠሉም ዝናቡም ገባባት። የኢንተርቪው ደብዳቤ መጣ፣ ቀኑም አለፈ። ልጄ አንድ ሁለቴ ገመዶቹን ይዛ መጥታ ልትቋጥርልኝ ሞከረች። ተይው አልኳት። ሰው ስለ ጀልባዋ ሲጠይቀኝ እሸጣታለሁ እላለሁ፣ እንደተናገርኩትም ሸጥኳት።

የገዟት በቅርብ የተጋቡ ባልና ሚስት ናቸው። ወጣቱ እየዞረ ሁሉንም ነገር ነካካ፣ ቀለሙን አደነቀ፣ ገመዶቹን ማን እንዲህ አሳምሮ እንደቋጠረ ጠየቀኝ። ሚስቱ ግን ቀጥ ብላ ዓይኔን እያየች፣ «ትንሳፈፋለች?» አለችኝ። አላውቅም አልኳት። የቀለድኩ መስሏቸው ሁለቱም ሳቁ። ባለቤቴ በመስኮት ታይ ነበር። ትሬይለሩን መኪናቸው ላይ አሰርኩላቸውና ሄዱ።

በሳምንቱ፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ አማቴን ወደ ዳያሊሲሱ በር በወንበራቸው እየገፋሁ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ። ወጣቱ የሃምሳ ሴኮንድ ቪዲዮ ልኮልኛል። ጀልባዋ ወንዙ ላይ ናት፣ ቀጥ ብላ፣ ነጭ ሆና፣ ሚስቱ ላይዋ ላይ ቆማ እጇን ታውለበልባለች። ከሥሩ ጽፎልኛል፤ ወለሉን ከፍተው ሥሯን ሲያዩት አንድ ጠብታ እንኳ አልገባም፣ ደረቅ ናት፣ ምን ዓይነት ማሸጊያ ነው የተጠቀምከው ይላል። አማቴ ማነው ብለው ጠየቁኝ። የሥራ ነው አልኳቸውና ወደ ውስጥ አስገባኋቸው።